ካልሲየም ሲባል የሚታያችሁ አጥንት ብቻ ነው እንዴ?

ሰሞኑን የአንድ የጤና አማካሪ ነኝ ባይ ቪዲዮ ስልኬ ላይ ደርሶ አንጀቴን አሳርሮታል። «የድብርት መድኃኒት የደም ሴሎችን ካልሲየም ያናጋል፣ በላብራቶሪ ተረጋግጧል፣ ጣሉት» ይላል ሰውየው። መፍትሔው ደግሞ ወተት ነው አሉ። ወተት!

ሴል ውስጥ ያለው ካልሲየም እኮ ደወል ነው። ሴሉ ሲያርፍ ውስጡ ያለው ነፃ ካልሲየም ውጭ ደሙ ውስጥ ካለው 10,000 ጊዜ ያህል ያንሳል፤ ሴሉ ራሱ ነው እየገፋ የሚያስወጣው። መልእክት ሲመጣ በሩ ይከፈታል፣ ካልሲየሙ ይገባል፣ ሴሉ ይነቃል። ደም የምታረጋው የደም ሴል ፕሌትሌትም ሴሮቶኒን የሚባለው መልእክተኛ ኬሚካል ሲነካት እንዲሁ ናት። ወተት የጠጣ ሰው ይህን ደወል አያስተካክለውም።

«በላብራቶሪ ተረጋግጧል» የምትለዋን ግን እንዲሁ አላልፋትም። አዎ፣ ፍሉኦክሴቲን የሚባለው የድብርት መድኃኒት ሴል ላይ ሲጨመር ካልሲየም ይንቀሳቀሳል። ስንት ተጨምሮ? ብዙ ጊዜ 10 ማይክሮሞላር (በፈሳሽ ውስጥ ያለ የመድኃኒት መጠን መለኪያ ነው)፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በቀን 20 ሚሊግራም የሚውጥ ሰው ደም ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ 1 ማይክሮሞላር እንኳ አይሞላም፣ ከዚያችም 94 በመቶ ገደማው የደም ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ስለሚዞር ሴሉን የሚያገኘው ፍርፋሪ ነው። መጠኑን ከፍ ካደረጉትማ መድኃኒቱ የሴሉ ሽፋን ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ሽፋኑን ራሱን ይረብሸዋል። እንዲያ ከሆነ ሳሙናም ካልሲየም ያናጋል! ቀልዴን አይደለም፤ ካልሲየም ሲነካው የሚያበራውን ቀለም የሚጠቀሙ ተመራማሪዎች መጨረሻ ላይ ሳሙና መሰል ነገር ጠብ አድርገው ሴሉን ይበሱትና የመጨረሻውን ብርሃን ይለካሉ። ታዲያ ሰው ሳሙና አይንካ ልንል ነው?

ደግሞስ ማን ነው ያናጋው? በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መድኃኒት ያልጀመሩ የድብርት ሕመምተኞችን ፕሌትሌት ያዩ በርካታ ጥናቶች፣ ሴሮቶኒን ሲነካት ካልሲየሟ ከጤነኛ ሰው ይልቅ እንደሚዘል አግኝተዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ደወሉ ቀድሞም ይጮህ ነበር፤ መድኃኒቱ ዝም ያሰኘው ይሆናል እንጂ።

አንድ ነገር አልክድም። ፕሌትሌት ሴሮቶኒን ራሷ አትሠራም፣ ከደም ትስባለች፤ እነ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን መሳቢያውን ስለሚዘጉ የሴሮቶኒን ጎተራዋ ይጎድላል። ከአስፕሪን ወይም ከአይቡፕሮፌን ጋር ሲሆን የመድማት ሥጋቱ ከፍ ይላል፣ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ሰውየው ይህን አልነገረንም። መድኃኒቱን በአንዴ ያቆመ ሰው ሊያዞረው፣ እንቅልፍ ሊያጣ፣ ጭንቅላቱን ኤሌክትሪክ የነካው ያህል ሊሰማው እንደሚችልም አልነገረንም። ወተቱ ጠዋት ይጠጣ ማታ ግን በደንብ አስረድቷል።