ውሃ ልቀቅበት፣ ይሄዳል!

ባለፈው ማክሰኞ የሕንፃችን ማንሆል ገነፈለ። ምን እንደገነፈለ አልገልጽም። ሁላችሁም አንድ ቀን አፍንጫችሁን ይዛችሁ ዘላችሁታል። ደግሞ እኔ ዛሬ ለማማረር አልመጣሁም። ለማመስገን ነው የመጣሁት። ምስጋናዬ ለዚያ ለማላውቀው ጎረቤቴ ይድረስልኝ፤ ሽንት ቤቱን ዕቃ ቤት ላደረገው ጀግና።

የፍሳሽ ሠራተኞቹ መጥተው ቱቦውን በኃይለኛ ውሃ ሲገፉት፣ ቆሜ የወጣውን ቆጠርኩ። ዋይፕስ (ያ እርጥብ መጥረጊያ) በክምር። ሁለት ዳይፐር። የጥርስ ብሩሽ። የሕፃን ካልሲ፣ አንድ እግር ብቻ (ሌላው እግር በሚቀጥለው ወር ይደርሰን ይሆናል)። ይሄን ሁሉ እንደ ሲሚንቶ ያያዘው ደግሞ እንደ ሻማ የነጣ፣ የረጋ ዘይት ነው።

ዙሪያውን የቆምን ሁሉ «የኛ አይደለም» አልን። በአንድ ድምፅ! በሌላ ጉዳይ ተስማምተን አናውቅም። አንዱማ ዳይፐር የታጠቀ ልጁን እንዳቀፈ «ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄን የሚጥል?» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

የዚህ ጀግና ፍልስፍና አጭር ነው፦ ውሃ ልቀቅበት፣ ይሄዳል። ወዴት? እንዲህ ብሎ መጠየቅ የትንሽ ሰው ጠባይ ነው። ትልቅ ሰው ይለቃል፣ በሩን ይዘጋል፣ እጁን ይታጠባል።

በፍሳሽ መሥሪያ ቤት ያሉ ሰዎች ግን ምናባቸው ጠባብ ነው። ሽንት ቤት እንዲገባላቸው የሚፈልጉት ከሰውነት የሚወጣውንና ሶፍቱን ብቻ ነው። ምክንያታቸውን ስሙልኝማ። ሶፍት ውሃ ውስጥ ይበታተናል፣ ዋይፕስ አይበታተንም ይላሉ፤ ብዙው ውስጡ ፕላስቲክ አለበት። ማጣሪያ ጣቢያው ውስጥ ደግሞ ዋናው ሠራተኛ ባክቴሪያ ነው። አየር ይነፉለታል፣ እሱ ቆሻሻውን ይበላላቸዋል። ፕላስቲክ ግን አይበላም። እኛ ተስፋ አልቆረጥንም። አንድ ቀን ይለምደው ይሆናል ብለን በየቀኑ እናቀርብለታለን።

ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት የሚደፋውንም አልረሳሁትም። ከመድኃኒቱ የተወሰነው ማጣሪያውን አልፎ ወንዝ ይገባል። ይግባ! ዓሣውስ አይታከም?

የጣራውን ዝናብ በድብቅ ከፍሳሽ ቱቦ ጋር ያገናኘው ብልህም አለ። ዶፍ ሲወርድ ቱቦው ይሞላል፣ ሞልቶ ያልተጣራው ወንዝ ይገባል። ወንዙ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ግብዣው ላይ ተረባርበው ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ዓሣውም ውሃ ውስጥ ሆኖ ታፍኖ ይሞታል። ሰውዬው ግን ግቢው ደረቅ ነው። ዋናው እሱ ነው።

የኛ ማንሆል ገና ጀማሪ ነው። ጌቶቹ ለንደን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋይትቻፕል በሚባለው ሰፈር፣ ከመንገዱ ሥር አንድ የስብ ግግር ተገኘ። ርዝመቱ 250 ሜትር፣ ክብደቱ 130 ቶን። ሃያ ዝሆን በሉት። ማን ሠራው? ማንም። ኮሚቴ አልተቋቋመም፣ በጀት አልተያዘም፣ ሪባን አልተቆረጠም። አንዱ የመጥበሻውን ዘይት ሲንክ ውስጥ ደፋ። አንዷ ዋይፕስ ጨመረች። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ከካልሲየም ጋር ተዋሕዶ እንደ ሳሙና ጠነከረ፣ ዋይፕሱ እንደ ጭድ አጠናከረው። ጎረቤት ከጎረቤት ሰላም ሳይባባል እንዲህ ያለ ጋራ አቆመ! ሠራተኞቹ በውሃ ግፊትና በአካፋ ሲታገሉት ሳምንታት ፈጀባቸው።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 የግግሩ ቁራጭ ሙዚየም ገባ። አዎ፣ ሙዚየም! በመስታወት ሣጥን፣ ከነመብራቱ። ዘውድ ሙዚየም ይገባል፣ የጀግና ጎራዴ ይገባል፣ እንግዲህ የዘመናችን ቅርስ ደግሞ ይሄ ነው። ቁራጩ ግን አርፎ አልተቀመጠም። ሻጋታ አወጣ። ቀለሙን ቀየረ። ዝንብ ተፈለፈለበት። ቅርስ ሆኖ ልጅ የወለደ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ አስቡት፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጃችን መስታወቱ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ «ያቺ በቀኝ በኩል የተወሸቀችው የአያቴ ናት» ስትል። አስጎብኚው ደግሞ «አትንኪ፣ ኦሪጅናል ናት» ሲላት። የዘር ሐረግ ማለት ይሄ ነው!

ቀልዱን እዚህ ልተወው። ማክሰኞ ዕለት ጉድጓዱ ውስጥ የወረደው ልጅ ሃያ አምስት ዓመት የሞላው አይመስለኝም። ወገቡ ላይ ገመድ አለ፣ ከላይ ሁለት ጓደኞቹ ይዘውታል። ገመዱ ለጌጥ አይደለም። እዚያ ውስጥ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ አለ። ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ከዚያ ይገድላል። ልጁ እዚያ የወረደው የቆሻሻ ቅርጫቱ ሦስት እርምጃ ስለራቀን ነው። ሦስት እርምጃ! እኛ ከላይ አፍንጫችንን ይዘን «እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን አይሠሩም» እንላለን። ሰምቶናል። ቀና ብሎ አየንና ዋይፕሱን መጎተቱን ቀጠለ። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር፣ ማንንም ዝም አላሰኘሁም።

ማምሻውን በሬ ተንኳኳ። የሕንፃችን ተቆርቋሪ ነው። በየሕንፃው አንድ አይጠፋም፤ ቁልፍ በአንገቱ፣ ወረቀት በእጁ።

«ጋሼ፣ ይቺን ይፈርሙልን» አለኝ።

አቤቱታ ነው። «መሥሪያ ቤቱ በሚያሳየው ከፍተኛ ቸልተኝነት ምክንያት» ብሎ ይጀምራል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንዲህ ነው። ስድስት ሰው ፈርሞበታል። ዳይፐር የታጠቀ ልጅ ያቀፈው ሰውዬ ሁለተኛ ነው፣ ከነማዕረጉ።

ጽሑፉ ግን ደስ ይላል፣ ስርዝ የለው፣ ድልዝ የለው። አድንቄ ነገርኩት።

«እንደገና ጽፌው ነው ጋሼ። የመጀመሪያው ላይ ቀለም ፈሰሰበት» አለኝ።

«የታለ እሱ?»

«ኧረ እሱንማ ውሃ ለቀቅኩበት፣ ሄደ።»