በስማችሁ ያለ ተራራ

በካሊፎርኒያ የምትኖሩ፣ እጃችሁን አንሥታችሁ ለዚህች አገር ዜግነት ቃለ መሐላ የፈጸማችሁ ወገኖቼ፤ ይህን ተግሳጽ የምጽፍላችሁ ታስቦ ሳይሠራ ከቀረ አንድ የበረዶ መንሸራተቻ መዝናኛ ተነሥቼ ነው። ነገሩ ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር ከመምጣታችን በፊት ያለቀ ቢሆንም፣ ያለቀበት መንገድ ዛሬ በቸልታ የምናልፋቸውን ስብሰባዎችና የምንጥላቸውን ደብዳቤዎች የሚመለከት ስለሆነ እንድትሰሙኝ እጠይቃለሁ።

ሚነራል ኪንግ በሴራ ኔቫዳ ደቡባዊ ክፍል፣ በቱሌር ካውንቲ፣ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሸለቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ብር ፈላጊዎች ጎርፈውበት ነበር፤ ብሩ ግን እንደተወራለት አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1965 መሬቱን የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የደን አገልግሎት የበረዶ መንሸራተቻ የሚሠራለት ባለሀብት በጨረታ ጋበዘ፤ ከስድስት ተወዳዳሪዎችም የ35 ሚሊዮን ዶላር ዕቅድ ያቀረበው የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ ተመረጠ። በ1969 የጸደቀው ዕቅድ በሸለቆው ውስጥ በ80 ኤከር መሬት ላይ ማረፊያዎችን፣ ምግብ ቤቶችን፣ መዋኛዎችንና የመኪና ማቆሚያዎችን ሠርቶ በቀን 14,000 ሰው ለማስተናገድ የታሰበ ሲሆን፣ ወደዚያ የሚያደርሰው የ20 ማይል አውራ ጎዳናና ባለ 66,000 ቮልት የኤሌክትሪክ መስመርም በሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ በኩል እንዲያልፉ ተወስኖ ነበር።

ከዕቅዱ ጀርባ የነበሩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ እንመልከት፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ዋልት ዲዝኒ ለበረዶ እንግዳ አልነበረም። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሹገር ቦል ለተባለው የካሊፎርኒያ መንሸራተቻ ገንዘቡን ካዋሉት አንዱ ነበር፤ በ1960 በስኳው ቫሊ የተካሄደውን የክረምት ኦሎምፒክ ሥነ ሥርዓት የመራውም እርሱ ነው። የሚነራል ኪንግን ተዳፋት ያጠናለት ቪሊ ሼፍለር የተባለው የበረዶ ሸርተቴ አሠልጣኝም በዚያው ኦሎምፒክ የሠራ፣ ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር። ማርክ ዴቪስ የተባለው የኩባንያው ሠዓሊ ለመዝናኛው ሙዚቃ የሚጫወቱ ድቦች ነድፎ ነበር፤ ድቦቹ ከተራራው ይልቅ ፍሎሪዳን አገኙና እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ እዚያ ሲዘፍኑ ኖሩ። የካሊፎርኒያ ገዥ ፓት ብራውን በመስከረም 1966 ከዋልት ጋር እዚያው ሸለቆ ውስጥ ቆሞ ለጋዜጠኞች ስለ መንገዱ የምሥራች ተናገረ። ዋልት ከሦስት ወር በኋላ ሲሞት ሥራውን ወንድሙ ሮይና የኩባንያው ኃላፊዎች ተረከቡት።

እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ዋልት መኪና ወደ ሸለቆው ዘልቆ እንዳይገባ ይፈልግ ነበር፤ የደን አገልግሎቱም ለሕዝብ መዝናኛ ማዘጋጀት የተሰጠው ተግባር ነው ብሎ ያምን ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለኩባንያው ለመሟገት ሳይሆን የእኛን ጠባይ ስለማውቀው ነው። እኛ ለመነሣት ጠላት እንፈልጋለን። ጉዳዩ ስም ያለው ባላጋራ ካለው አደባባይ እንወጣለን፣ ባንዲራ እንይዛለን፣ በፌዴራል ሕንፃ ደጃፍ ቀኑን ሙሉ እንቆማለን። የሕዝብ መሬት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚለወጠው ከረባት ባሰሩ፣ ትሑት በሆኑ፣ ካርታ ዘርግተው «ጥያቄ ያለው አለ?» ብለው በሚጠይቁ ሰዎች እጅ ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የምንጮኽበት ሰው ስለማይኖር፣ እኛም አንኖርም።

ዕቅዱን የተቃወመው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር፣ ሲየራ ክለብ እንኳ ከመጀመሪያው ንጹሕ አልነበረም። በ1940ዎቹ መጨረሻ በዚያው ሸለቆ መንሸራተቻ ቢሠራ አልቃወምም ብሎ ነበር፤ ሐሳቡን የለወጠው በ1965 ነው። የትናንት አቋሙ ሲጠቀስበት አፍሮ አልተቀመጠም። በ1969 ከሰሰ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የፌዴራል ዳኛም ሥራው እንዳይጀመር የእግድ ትእዛዝ ሰጠ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እግዱን ሻረው፤ ጉዳዩም ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወጣ፤ ሚያዝያ 1972 በአራት ለሦስት ድምፅ ክለቡ ተረታ።

የተረታበትን ምክንያት ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ የሚወደሰው ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በልዩነት የጻፈው ሐሳብ ነው፤ መርከብና ኩባንያ በሕግ ፊት እንደ ሰው ከተቆጠሩ ወንዝና ሸለቆ ለምን በራሳቸው ስም አይከሱም የሚል ነበር። ሐሳቡ ያምራል፤ እኔም ወድጄዋለሁ። እኛን የሚገሥጸን ግን ዳኛ ፖተር ስቱዋርት የጻፈው የአብላጫው ውሳኔ ነው። ፍርድ ቤቱ ለክለቡ ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ለጉዳዩ መቆርቆርህ ብቻውን አይበቃም፤ ከአባሎችህ መካከል ወደዚህ ሸለቆ የሚሄድ፣ በውስጡ የሚጓዝ፣ ቢበላሽ እርሱ ራሱ የሚጎዳ ሰው እንዳለ በክስህ ላይ አልገለጽህም። ክለቡ አባሎቹ ሸለቆውን እንደሚያውቁት ተማምኖ ለይቶ መጻፉን ንቆ ነበር። ፍርድ ቤቱ ክሱን የማሻሻል በር ስለተወለት፣ ሸለቆውን የሚጠቀሙ ግለሰቦችን ጨምሮ ተመለሰ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከእኛ መካከል «ወደዚህ ቦታ እሄዳለሁ፤ ቢበላሽ እኔ ራሴ እጎዳለሁ» ብሎ መጻፍ የሚችል ስንት ሰው አለ? ሃያ ዓመት ሎስ አንጀለስ ኖሮ ሴኮያን ያላየ፣ የደን አገልግሎትና የብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ልዩነት ምን እንደሆነ ያልጠየቀ፣ ከካውንቲው የሚመጣውን የሕዝብ ስብሰባ ማስታወቂያ ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ጠቅልሎ የሚጥል ሰው በየቤታችን አለ። በዕድር ስብሰባ ስለ መቶ ዶላር እስከ እኩለ ሌሊት የምንከራከር ሰዎች፣ በስማችን ስለሚተዳደር ሚሊዮን ኤከር መሬት ሲጠየቅ «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። ይህ ጨዋነት አይደለም። ግብር እየከፈሉ ባለቤትነትን መተው ነው። የሥራ ፈረቃና የቤት ኪራይ ጊዜ አይሰጥም የምትሉኝን እሰማለሁ፤ እውነትም ነው። ሆኖም በ2002 በፌርፋክስ ጎዳና ላይ «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም የከተማው ምክር ቤት የሰጠን የእኛው ነጋዴዎችና ነዋሪዎች ሥራቸውን ትተው ስለጠየቁ ነው። መንገዱን እናውቀዋለን ማለት ነው፤ ከሰፈራችን አልፈን አንሄድበትም እንጂ።

ከ1972 በኋላ የሆነው ፈጣን ድል አልነበረም። ክሱ ተሻሽሎ ቀጠለ፤ በ1970 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ የደን አገልግሎቱን የተጽዕኖ ጥናት እንዲያዘጋጅና የሕዝብ አስተያየት እንዲሰበስብ አስገደደው፤ ጥናቱም ዓመታት ፈጀ። ካሊፎርኒያ መንገዱን ከክፍለ ግዛቱ አውራ ጎዳናዎች መዝገብ አወጣችው፤ ያለ መንገዱ ደግሞ ዕቅዱ እግር አልነበረውም። በመጨረሻ በኅዳር 1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ ሸለቆውን ወደ ሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ ቀላቀለው። በዚህ ሁሉ ዘመን ክሱ ዳኛ ፊት የመጨረሻ ፍርድ አላገኘም። ፋታ ገዛ፤ በዚያ ፋታ ውስጥ ሰዎች ለምክር ቤት አባሎቻቸው ጻፉ፣ በስብሰባ ላይ ተናገሩ።

ስለዚህ በመጪው ጊዜ በአካባቢያችሁ ስላለ የፌዴራል ወይም የካውንቲ መሬት ረቂቅ ዕቅድ ሲወጣ፣ የአስተያየት መስጫው ቀን ሳያልፍ ጻፉ። ሌላ ያዘጋጀውን ደብዳቤ ስማችሁን ብቻ ለውጣችሁ አትላኩ፤ የትኛውን መንገድ እንደምትሄዱበት፣ በየትኛው ወር፣ ከማን ጋር፣ ዕቅዱ ቢሠራ ምን እንደምታጡ፣ ወይም ደግሞ ምን እንደምታገኙ ግለጹ። ዕቅዱን መደገፍም መብታችሁ ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ በአማርኛ ተናገሩና ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ፤ እነርሱም ወላጆቻቸው ስለዚህ አገር መሬት ሐሳብ እንዳላቸው ይወቁ።

ይህን ለመጻፍ ደግሞ መሄድ ግድ ነው። ስሪ ሪቨርስ ከተባለችው መንደር ወደ ሚነራል ኪንግ የሚወጣው ጠባብ መንገድ ዛሬም እንደ ድሮው ይጠማዘዛል፤ በበረዶው ወራት ስለሚዘጋ ክፍት መሆኑን ከፓርኩ ጠይቃችሁ ውጡ። እዚያ ማርሞት የሚባል ወፍራም አይጥ መሰል አውሬ በመኪና ሞተር ሥር ገብቶ ቱቦና ሽቦ ይበላልና፣ ስታቆሙ መኪናውን ከሥሩ ጀምሮ ዙሪያውን በሸራ መጠቅለል አትርሱ።