ዘር ከልጓም ይስባል?

ባለፈው እሑድ ከእድር ስብሰባ በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ ጨዋታው ስለ ፓሪስ ኦሊምፒክ ሆነ። አንዱ ጎልማሳ፣ ከ200 ሺህ የማይበልጥ ሕዝብ ያላት የካሪቢያን ደሴት ሴንት ሉሲያ በጁሊየን አልፍሬድ እግር የሴቶችን 100 ሜትር በ10.72 ሰከንድ አሸንፋ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያዋን ማግኘቷ እንዳስደነቀው አነሣ። ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤታችን ግን ምንም አልደነቃቸውም። «ዘር ከልጓም ይስባል!» አሉ፤ ቀጥለውም በባርነት መርከብ ተጭነው ያን ሁሉ ባሕር በሕይወት የተሻገሩት ጠንካሮቹ ብቻ ስለሆኑ የልጅ ልጆቻቸው ቢፈጥኑ አይገርምም ሲሉ አብራሩ። ማስረጃቸው ይኸው ብቻ ነበር።

ጡረታ የወጡት የስፖርት መምህር ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ወንድሜ፣ በባርነት ከተጋዙት አፍሪካውያን ከየትኛውም አገር ይልቅ ብዙዎቹ የደረሱት ብራዚል ነው። ታዲያ ብራዚል በ100 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ አላት?»

«ብራዚልንማ ኳስ ወሰደባት እንጂ፣ መምህር፣ ዘር ከልጓም ይስባል።»

ነጋዴው ይህን ሲናገሩ ክርክራቸውን በገዛ እጃቸው ማፍረሳቸውን አላስተዋሉም። ፈጣኑን ልጅ ኳስ ከወሰደው፣ ወሳኙ ደሙ ሳይሆን የተሰማራበት ሜዳ ነው ማለት ነው።

መምህሩ ስለ ጃማይካ ሲተርኩ ድምፃቸው ተለወጠ። በዚያች ደሴት ወንዶቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ የሚወዳደሩበት፣ በኋላም ሴቶቹ የተቀላቀሉበት፣ «ቻምፕስ» የሚሉት ሻምፒዮና አለ፤ በዚያ ሰሞን የኪንግስተን ብሔራዊ ስታዲየም ጢም ብሎ ይሞላል፣ የቀድሞ ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸውን ቀለም ለብሰው ይጮኻሉ፣ የአንድ ታዳጊ ስም በአገሩ ሁሉ ይናኛል። ዩሴን ቦልት ራሱ በትሬላውኒ ገጠር ክሪኬት ይጫወት ነበር፤ ፍጥነቱን አይቶ ወደ ሩጫ የመራው የትምህርት ቤቱ የክሪኬት አሰልጣኝ ነው፤ በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ የሮጠው ከዓመታት በኋላ ነው። አሰልጣኙ ስቴፈን ፍራንሲስ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 የመሠረተው ኤምቪፒ የተባለ የሩጫ ክለብም ሼሊ አን ፍሬዘርን ለቤይጂንግ ኦሊምፒክ ወርቅ ያበቃት በሣር ሜዳ ላይ እያሠለጠነ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ደግሞ ጂ ሲ ፎስተር የተባለ ኮሌጅ ለየትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ያፈራል። «ዘርስ ዘር ነው፤ ነገር ግን የተዘራው ሜዳ ላይ ነው» አሉ መምህሩ።

«ቢሆንም፣ ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ ነጋዴው ለሦስተኛ ጊዜ።

እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ። የእኛም ታሪክ የሚመሰክረው ይህንኑ ነው፤ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በልጅነታቸው ያሠለጠነው ስንታየሁ እሸቱ በበቆጂ የትምህርት ቤት ስፖርት አስተማሪ ነበር። እኛ ግን የሰውን ድካም ትተን ደሙን መቁጠር ልማድ አድርገናል። ጎበዝ ተማሪ ሲገኝ ዘሩ፣ ሰው ሥራ ሲይዝ ዘሩ፣ ሁለት ሰዎች ሲጋጩ ዘራቸው ይጠየቃል፤ ማን እንዳስተማረው፣ ስንት ማለዳ እንደ ተነሣ የሚጠይቅ የለም። እንዲህ እያሰብን ለልጆች ሜዳ ለምን እንተው? እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ግቢ ዓርብ ዓርብ የምንሮጥበት ሰፊ ሜዳ ነበረው፤ ዛሬ በአጥሩ በኩል ሱቆች ተደርድረውበታል፣ በቀረው ላይ መኪና ይቆምበታል፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስለ ሩጫ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ።