በምሽቱ 2 ሰዓት ተኝቶ በሌሊቱ 9 ሰዓት የነቃ ሰው እንቅልፍ አላጣም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ የጤና ፕሮግራም የቀረቡ የአእምሮ ሐኪም ለአንዲት አድማጭ የሰጡት መልስ እስካሁን እያንገበገበኝ ነው። ሴትዮዋ ሆስፒታል ተኝቶ ለሚታከም ወንድሟ ማታ ማታ ዳያዜፓም የሚባለው የማስተኛና የማረጋጊያ ኪኒን እንደሚሰጠው ገልጻ፣ እንዳይለምድበት መስጋቷን ነበር የተናገረችው። ሐኪሙ የሚለምድበት ከመንደር ፋርማሲ እየገዛ የሚውጠው ሰው እንጂ በባለሙያ ክትትል ሥር ያለ ታካሚ አይደለም አሉ። እንቅልፍ ያጣ ታካሚ ቶሎ አይድንምና ቤተሰብ በማያገባው እንዳይገባም መከሩ። አቅራቢው አመስግኖ ወደ ማስታወቂያ አለፈ።

ለመሆኑ የሰው አንጎል ኪኒኑን ማን እንዳዘዘው መጠየቅ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ ዳያዜፓምና መሰሎቹ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ብቻ እንዲሰጡ ያሳሰበው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ያሳሰበውም ሐኪሞችን እንጂ የመንደር ቸርቻሪዎችን አልነበረም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2020 በዳያዜፓምና በዘመዶቹ ሁሉ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲታተም ሲያዝ፣ በትክክል በታዘዘው መጠን ቢወሰዱም ሰውነት በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ሊለምዳቸው እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። ጉዳዩ ለባለሙያ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነብኝ እህት ስለ ወንድሟ ጠይቃ መገሰጿ ነው።

መድኃኒቱ አይጠቅምም የሚል ክርክር የለኝም። መጠጥ በድንገት ያቆመን ሰው ከመንቀጥቀጥና ከመቃዠት የሚታደገው ይኸው ነው። ካታቶኒያ በሚባለው የአእምሮ ሕመም ደርቆ፣ አፉ ተለጉሞ የቀረ ታካሚም የዳያዜፓም ዘመድ በሆነው በሎራዜፓም አንደበቱ ይፈታል። ለእነዚህ ይሰጥ፤ ማንም አይከለክልም። እኔ የምጠይቀው በየምሽቱ ለአልጋው ሁሉ ስለሚታደለው ኪኒን ነው።

አጎቴን ባስታመምኩበት የአእምሮ ሕክምና ዋርድ እራት የሚመጣው በ11 ሰዓት ነበር። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ የምግቡ ጋሪ እየተንቋቋ ይገባል፤ እንጀራው ተበልቶ ሳህኑ ይሰበሰባል። ከዚያ ተረኛዋ ነርስ መድኃኒቱን በሰሃን ይዛ ትዞራለች፤ ኪኒኑን በጠርሙስ ክዳን አድርጋ ታቀብላለች፣ መዋጡን ለማረጋገጥ ምላስ ታስነሳለች። በ2 ሰዓት ሁሉም አልጋው ላይ ነው። የመተላለፊያው መብራት ግን አይጠፋም፤ ሌሊቱን ሙሉ በሩን አልፎ ፊታቸው ላይ ያበራል። አጎቴ በ9 ሰዓት ገደማ ነቅቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። በማግሥቱ ካርዱ ላይ የሚጻፈው እንቅልፍ እንደሌለው ነው፤ ማታ ደግሞ መጠኑ ይጨመራል።

እስቲ እንቁጠር። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት 7 ሰዓት ነው። እኔ በቤቴ 7 ሰዓት ሙሉ ብተኛ ምሥጋና አደርሳለሁ እንጂ ሐኪም ዘንድ አልሄድም። አንድን ጎልማሳ ከዶሮ ጋር አስተኝቶ እስከ ንጋት ካልተኛህ ብሎ መርፌና ኪኒን መጨመር ሕክምና አይደለም። የዋርዱን የሥራ ሰዓት በታካሚው ደም ውስጥ መጻፍ ነው። ቀኑስ ቢሆን? መጽሐፍ የለ፣ ኳስ የለ፣ ሥራ የለ፤ ግቢው በር ላይ ዘበኛ አለ። ዳያዜፓም በአንድ ሌሊት ከሰውነት የሚወጣ መድኃኒት አይደለም፤ እሱም ሆነ ከእሱ የሚፈጠረው ውላጅ ለቀናት ይቆያል። ስለዚህ ማታ የተሰጠው ጠዋትም ያደነዝዛል፤ ሰውየው አግዳሚው ላይ ሲያንጎላጅ ይውላል። ቀኑን ሲያንጎላጅ የዋለ ሰው ሌሊቱን ቢነቃ ምኑ ይደንቃል? ዋርዱ በቀን የነጠቀውን እንቅልፍ በሌሊት በኪኒን ሊገዛ ይሞክራል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ታካሚው ነው። በዕድሜ የገፋ ከሆነ ደግሞ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲሄድ ተንገዳግዶ ይወድቃል፤ ዳሌውን ይሰብራል።

ጭንቀት የሚባለውም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት። ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ታካሚዎች አንዳንዶቹ መቀመጥ ያቅታቸዋል። እግራቸው አያርፍም፣ ኮሪደሩን ሲመላለሱ ይውላሉ፣ ቆዳቸውን ጥለው ቢወጡ ደስ ይላቸዋል። ይህ የመድኃኒቱ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ልብ ብሎ የጠየቀ ሐኪም በቅድሚያ መጠኑን ይቀንሳል ወይም መድኃኒቱን ይለውጣል። ጊዜ የሌለው ግን ተጨንቋል ብሎ ማስተኛ ኪኒን ይደርብበታል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

ታካሚዎቹ ራሳቸው ይለምኑናል የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እንዴት አይለምኑ! ጎረቤቱ እየጮኸ፣ መብራቱ ዓይኑ ላይ እየበራ፣ ቤተሰቤ ጠፋብኝ ይሆን እያለ የሚያድር ሰው ከዚያ ኪኒን ሌላ ምን ቀርቦለት ነው የሚመርጠው?

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን መውጫው በር ላይ የሚሆነው ነው። ዳያዜፓም ከሆስፒታል ውጭ በልዩ የማዘዣ ወረቀት የሚጠበቅ መድኃኒት ነው። ዋርድ ውስጥ ለሳምንታት የተሰጠው ታካሚ መውጫ ካርዱን ሲይዝ ኪኒኑ ወይ ማብቂያ ሳይነገረው ይቀጥላል፣ ወይ በአንድ ቀን ይቋረጣል። በድንገት ከተቋረጠ እንቅልፉ ከበፊቱ ብሶ ይጠፋል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሲከፋም እንደሚጥል በሽታ ይጥለዋል። ቤተሰብ በሽታው አገረሸበት ብሎ ይዞት ይመለሳል፤ ድንገተኛ ክፍል የሚቀበለው ደግሞ ያንኑ ዳያዜፓም ይዞ ነው። ቀስ በቀስ እየቀነሱ ማስተው እንጂ ቤተሰብም በገዛ እጁ ሊቆርጠው አይገባም። ይህን ለሴትዮዋ መንገር የነበረባቸው እንግዳው ሐኪም ነበሩ፤ እሳቸው ግን በማያገባሽ አትግቢ አሏት።

የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት የእንቅልፍ ልማድንና አስተሳሰብን የሚያስተካክል የንግግር ሕክምና እንዲቀድም የመከረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ለዚህ ባለሙያ የለንም፣ በሌሊት ለዋርዱ ሁሉ ያለችውም አንዲት ነርስ ናት ይሉናል። እውነት ነው፤ ነርሷንም አልወቅስም። ግን እራትን ከ11 ሰዓት ወደ 1 ሰዓት ለማዛወር የሥነ ልቦና ባለሙያ አያስፈልግም። የኮሪደር መብራት ለመቀነስ የውጭ ምንዛሪ አይጠየቅም። ዳያዜፓም የታዘዘበት ካርድ ላይ የሚቆምበትን ቀን ለመጻፍ የሚያስፈልገው እስክሪብቶ ሐኪሙ ኪስ ውስጥ አለ፤ ያንኑ መድኃኒት ያዘዙበት እስክሪብቶ ነው።