ኧረ ለሚስትህ መልስላት!

ዋናው ገጸ ባህሪ ዝም የሚልበት ጌም ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። በተለይ የ2019ኙ ሜትሮ ኤክሶደስ! አና የዋናው ገጸ ባህሪ የአርትዮም ሚስት ናት። አጠገቡ ሆና ስለ ወደፊት ኑሯቸው ታወራዋለች፣ አርትዮም ግን ትንፍሽ አይልም። ጓደኞቹ በሬዲዮ ትሰማናለህ ወይ እያሉ ሲጣሩም ያው ዝም ነው፤ ሰዎቹ እኮ ሞቷል ብለው ሊጨነቁ ይችላሉ። ይበልጥ የሚያናድደው ደግሞ ሰውዬው ድምፅ አለው፤ ምዕራፍ ሲቀየር፣ ጌሙ ሎድ እስኪያደርግ ድረስ፣ የሆነውን ሁሉ ራሱ ቁጭ ብሎ ይተርክልናል። ታዲያ ሚስቱ ፊት ሲደርስ ምን ዘጋው?

ተጫዋቹ ራሱን በእሱ ቦታ እንዲያይ ነው ይሉናል። ለሃፍ ላይፍ 2 ጌም እሺ፣ ዋናው ገጸ ባህሪ ጎርደን ፍሪማን ስለ ራሱ ሕይወት ብዙም አይነገረንም፣ አጋሩ አሊክስም ገና ሲተዋወቁ ዝምታውን አንስታ ትቀልድበታለች። አርትዮም ግን ትዳር አለው፣ ከአማቱ ጋር ጣጣ አለው፣ ተስፋ አለው። ዴድ ስፔስ የተባለው ጌም በ2008 ዋና ገጸ ባህሪውን አይዛክን ዝም አሰኝቶት ነበር፣ በ2011 ሁለተኛው ክፍል እንዲናገር ሲያደርገው ሐዘኑ ገባን። አዘጋጆቹ በአና ሕመም ሊያስለቅሱኝ ከፈለጉ መጀመሪያ የባሏን አፍ ይክፈቱ!