ጤፍን የከሰሰች ጠብታ ደም

ዘንድሮ ለፋሲካ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኘው የአክስቴ ቤት ተሰብስበን፣ 55 ቀን የናፈቅነው ዶሮ ወጥ ገበታው ላይ ሲደርስ፣ ከእንግዶቹ አንዱ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። የማዕድ ጸሎት ሊያነብልን መስሎን ዝም አልን። ያነበበልን ግን የትኛው ምግብ እንደማይስማማው ይናገራል የተባለለትን የደም ምርመራ ውጤቱን ነው። እንዲህ ዓይነት ዘመድ እናንተም አላችሁ፤ የለንም የምትሉ ካላችሁ ምናልባት ዘመዱ እናንተው ናችሁ።

ብዕር ያነሣሁት ግን ላመሰግነው ነው። ድሮ ምግብ አልስማማ ያለው ሰው ሐኪም ዘንድ ይሄድና መከራውን ያይ ነበር። ምን በላህ? ከስንት ደቂቃ በኋላ አሳከከህ? ከንፈርህ አብጦ ነበር? ተብሎ እንደ ተጠርጣሪ ይመረመራል። ቆዳው በመርፌ ጫፍ ይጫራል። ካስፈለገም ያንኑ የተጠረጠረ ምግብ ሐኪም እየተከታተለው በጥቂት በጥቂቱ እንዲቀምስ ይደረጋል። ይህ ሁሉ ድካም ቀርቶ ዛሬ ሳጥን በፖስታ ይመጣል። ጣትን ወጋ፣ ወረቀቱ ላይ ጠብ፣ መልሶ መላክ ነው። ደም የሚፈራ ጸጉሩን ነጭቶ ቢልክም ይቀበሉታል። ጸጉር ወስዶ የሰውን ምሥጢር መናገር የሌላ ባለሙያ ሥራ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እርሱም ላቦራቶሪ ከፍቷል።

ውጤቱ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ተከፍሎ ይመጣል። አገሩ የናፈቀው ስደተኛ ገና ሳያነበው በቀለሙ ብቻ ልቡ ይሸነፋል።

የእኛ ሰው አምና በተላከለት ዝርዝር ላይ ቀይ የወጣው ጤፍ፣ እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ሽምብራና ቡና ነበር። ሲወለድ ጀምሮ የበላውና የጠጣው ሁሉ ማለት ነው። አረንጓዴው ውስጥ ደግሞ ኦይስተር፣ የሰጎን ሥጋና የባሕር አረም ተሰልፈዋል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ የማያውቁት ምግብም አይጎዳም። ምርመራው በደም ውስጥ የሚፈልገው አይጂጂ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ሰውነት ይህን የሚሠራው ከምግቡ ጋር ስለተዋወቀ ነው። የገበታ ወዳጆችህን ስም ዝርዝር አትሞ የጠላቶችህ ነው ብሎ መሸጥ እንዴት ያለ ጥበብ ነው! የአውሮፓ የአለርጂና የክሊኒካል ኢሚውኖሎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2008 ምርመራው የምግብ አለርጂንም ሆነ አለመስማማትን አያሳይም ብሎ ነበር፤ የካናዳዎቹ ሐኪሞች በ2012 ደገሙት። ቅናት ነው። ዐሥራ ምናምን ዓመት ተምረው አንዲት ሳጥን ስትቀድማቸው ምን ይበሉ?

አክስቴ አምና በሞቴ ብላ የዘረጋችው ጉርሻ ተመልሶባት ስታለቅስ ነው ያመሸችው። ዘንድሮ ግን ተዘጋጅታ ጠበቀችው። የሩዝ እንጀራ ለመጋገር ሁለት ሳምንት ታገለች። የመጀመሪያው ምጣዱ ላይ ተጣብቆ በቢላ ተነሣ። ሁለተኛው ዓይን አላወጣ ብሎ እንደ ብራና ቀረ። በሦስተኛው ቀናት፤ ለዚያውም ጤፍ ያልነካው አዲስ ምጣድ ገዝታ። ከዚያ ወደ ወጡ ዞረች። ሽንኩርት የሌለበት ዶሮ ወጥ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? በርበሬው የሚቆምበት መሬት የለውም። መረቁ አንድ ወገን፣ ዘይቱ አንድ ወገን፣ ዶሮዋ መሐል ላይ እንደ ተጣላ ባልና ሚስት ሽማግሌ ተቀምጣለች። እንቁላል የለበትም። አክስቴ ይህን በትንሽ ድስት ለብቻ ሠርታ፣ ማንም ማንኪያ እንዳያሳስትባት ፎጣ ጠምጥማበት፣ እንግዳዋ ፊት አቀረበች።

ስልኩ የወጣው ይኼኔ ነው። ለካ በቅርቡ እንደገና ተመርምሯል። ዓመቱን ሙሉ ሩዝና ኪኖዋ ሲበላ ከርሞ፣ ሩዝና ኪኖዋ ቀይ ሆነዋል። ጤፍ በነፃ ተለቀቀ። ሽንኩርትም ምሕረት አገኘ።

አያቴ ወተት ስትጠጣ ሆዷ ይጮኽ ነበር። “አይስማማኝም” አለች፣ ወደ እርጎ ዞረች፣ ነገሩ በዚሁ አለቀ። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ከልጅነት በኋላ በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ላይ እንደሚቀንስ ማንም አልነገራትም። አሳዛኝ ሴት! ኋላ ቀር ሆና ሞተች።

አሁን ሽሙጡን ላፍታ ልተወው። በዚህ ወረቀት ተማምኖ ገና በእግሩ ላልጸና ልጁ ወተት፣ እንቁላልና ስንዴ በአንድ ቀን የሚከለክል ወላጅ አለ፤ ልጁ ከሲታ ሲሆን ሌላ ሳጥን ያዛል። ስንዴ በእርግጥ የሚያሳምመው የሴሊያክ በሽተኛም አለ። እርሱ ሐኪም ሳያየው ስንዴ ካቆመ እውነተኛው የደም ምርመራ በሽታውን ሊስተው ይችላል። ኦቾሎኒ ከቀመሰ ጉሮሮው የሚዘጋ፣ የኤፒነፍሪን መርፌ ከደብተሩ ጋር ይዞ የሚዞር ልጅም አለ። እናቱ ድግስ ቤት ገብታ “ይህ ውስጥ ኦቾሎኒ አለ?” ስትል የሚመለስላት ሳቅ ነው፤ ከእርሷ በፊት ዐሥር ሰው ባለቀለም ዝርዝሩን ሲያውለበልብ አስተናጋጁ ሰልችቶታልና። ሻጩ ግን ከውጤቱ ግርጌ፣ ጉንዳን በማታነበው ፊደል፣ ይህ የአለርጂ ምርመራ አይደለም ብሎ ጽፏል። እያወቀ ነው የሚሸጠው። ይህን ነውር ከማለት ሌላ ቃል አላውቅለትም።

ወደ ገበታው ልመለስ። አክስቴ የሩዙን እንጀራ ጠቅልላ አነሣች፤ ፎጣዋንም ከትንሿ ድስት ፈታች። ምንም አልተናገረችም። ከጓዳ የጤፉን እንጀራ አምጥታ ዘረጋችና ከትልቁ ድስት ጨለፈች። እንግዳው በደስታ እጁን ሰደደ፤ እንቁላሉ አጠገብ ሲደርስ ግን ቆም ብሎ ስልኩን በአውራ ጣቱ ወደ ታች ገፋ ገፋ አደረገ።

“እንቁላል ዘንድሮ ቢጫ ነው” አላት።

“ድሮም ቢጫ ነው፣ ልጄ” አለችው አክስቴ። “ገምሰህ እየው።”