ማን ነው ያወጣት?

ባለፈው ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ጋቢና አልደረሰኝም። ጎማው ላይ ያለችው ወንበር ላይ ጉልበቴን አገጬ ስር ሸጉጬ ተቀምጫለሁ። ሬዲዮው አንድ ዘፈን ለቀቀ። የሴት ድምፅ ነው፣ አዲስ። ታክሲው ለአፍታ ጭጭ አለ። ከዚያ አጠገቤ የነበሩት ጎልማሳ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱና ጠየቁ።

«ይቺን ልጅ ማን ነው ያወጣት?»

ስሟን አልጠየቁም። የዘፈኑን ርዕስም አልጠየቁም። ከፊታችን ያለችው ሴት ዞር ሳትል «ባሏ ነው አሉ» አለች። ጥግ ያለው ወጣት «ኧረ ባል የላትም፣ የሆነ ባለሀብት ነው» ብሎ አረማት። ወያላው ሂሳብ እየሰበሰበ «ዲያስፖራ ነው ባክህ» ብሎ ክርክሩን ዘጋው። ዘፈኑ ሳያልቅ፣ ሃያ ሁለት እንኳ ሳንደርስ፣ ለአንዲት ልጅ ሶስት ወንድ ተገኘላት።

ይህን የመሰለ ንቁ ህዝብ ከየት ይመጣል? እኔ በበኩሌ ኮርቻለሁ። አንዲት ሴት ከመሬት ተነስታ ጥሩ ልትዘፍን፣ እኛም ዝም ብለን ልንሰማት ነው? ወንድ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ ተሰጥኦ ነው፣ ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣው ነው እንላለን። ሴት ስትሆን ግን ጠጋ ብሎ ማጣራት ያስፈልጋል። ወንድ ሲዘፍን ከእግዜር፣ ሴት ስትዘፍን ከሰውዬው። አለቀ።

ደግሞ እኛ ብቻ ነን ብላችሁ እንዳትሸማቀቁ። በዚህ ነገር ከሰለጠነው ዓለም እኩል ነን። ምስክር ካስፈለገ የኒውዮርኳን ዘፋኝ ሮኒ ስፔክተርን ልጥራ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ሮኒ፣ በልጅነት ስሟ ቬሮኒካ ቤኔት፣ በ1943 ተወለደች። ከእህቷ ከኤስቴልና ከአክስቷ ልጅ ከኔድራ ጋር ሆና ትዘፍናለች፤ ሮኔትስ የተባሉት እነሱ ናቸው። ፀጉራቸውን ወደ ላይ እንደ ግንብ ቆልለው፣ ዓይናቸውን በኩል አጥቁረው ሲመጡ መንገድ ይለቀቅላቸዋል። በ1961 ፔፐርሚንት ላውንጅ በሚባለው የኒውዮርክ ጭፈራ ቤት ይሠሩ ነበር። ሸክላም አስቀርፀዋል፣ ገዢ አጣ እንጂ።

ከዚያ በ1963 ፊል ስፔክተር የተባለው ፕሮዲዩሰር «አገኛቸው»። እንዲህ ነው የሚወራው። ያገኛቸው ግን ስልክ አንስቶ ነው፤ የደወለችው ኤስቴል ናት። ደዋይዋን ትቶ ስልክ ያነሳውን «አገኛቸው» ማለት ትልቅ ችሎታ ነው። በዚህ ሂሳብ እኔም ትናንት አንድ የባንክ ሠራተኛ አግኝቻለሁ።

የሮኒን ድምፅ ሲሰማ ሰውዬው ከመቀመጫው ተነሳ። እሷን ብቻ ልፈርም አለ። እናቷ ወይዘሮ ቢያትሪስ ደግሞ ወይ ሶስቱም፣ ወይ ማንም አሉ። ሶስቱም ፈረሙ። እናትየዋን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ዘፈኑ «ቢ ማይ ቤቢ» ነው። ዛሬም ሰርግ ቤት ቢለቀቅ አክስቶቻችን ትከሻቸውን ይነቀንቁለታል። ሎስ አንጀለስ ጎልድ ስታር ስቱዲዮ ውስጥ ተቀረፀ። ከመቀረፁ በፊት ሮኒ መፀዳጃ ቤት ገብታ ትለማመድ ነበር፤ ግድግዳው ድምፅ ይመልሳላ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሸክላው ላይ ከሶስቱ የሚሰማው የሷ ድምፅ ብቻ ነው። በአሜሪካ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ። ቢች ቦይስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ አባል ብራያን ዊልሰን እየነዳ ሳለ ሰምቶት መኪናውን ዳር አቁሟል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የተመሰገነው ማን ነው? የድምፅ ግድግዳው። ፊል ስፔክተር በርካታ ጊታርና ፒያኖ በአንድ ክፍል አጭቆ፣ ድምፁን አደባልቆ የሚሠራበትን ዘዴ ነው እንዲህ የሚሉት። ሀቁን ልናገር፣ ጥሩ ግድግዳ ነው። ግን ግድግዳ ሰምቶ መኪና ያቆመ ሾፌር አላውቅም።

በጥር 1964 ሮኔትስ እንግሊዝ ሄዱ። ከነሱ በፊት መድረክ እየወጣ ህዝቡን የሚያሟሙቅ አንድ የልጆች ባንድ ነበር፣ ሮሊንግ ስቶንስ የሚባል። «ሮሊንግ ስቶንስን ያወጧቸው ሮኔትስ ናቸው» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁም።

በ1966 ቢትልሶች ለአሜሪካ ዙራቸው ሮኔትስን ጋበዙ። ቡድኑ ሄደ፣ መሪ ዘፋኟ ቀረች። ሰውዬው አልፈቀደማ። በሷ ቦታ ሌላ ዘመዷ ቆመች። በዓመቱ ቡድኑ ፈረሰ፤ በ1968 ሮኒና ፊል ተጋቡ። ስሟም ስፔክተር ሆነ። የኛ ሴቶች በአባታቸው ስም ስለሚጠሩ ጠይቀን ነው የምናጣራው። እነሱ ግን መልሱን ስሟ ላይ ለጥፈው ይሰጡሃል። ሥልጣኔ ማለት ይህ ነው።

ቤቱ ቤቨርሊ ሂልስ ነው። ሮኒ በ1990 ባሳተመችው የህይወት ታሪኳ እንደምትለው፣ ግቢው እሾሃማ ሽቦና ውሻ ነበረው። እንዳትወጣ ጫማዋን ይደብቅባት ነበር። ብቻዋን መኪና ስትነዳ አጠገቧ የሱን መልክ የያዘ አሻንጉሊት ይቀመጥ ነበር፣ ቁመቱ ልክ እንደ ሰው። ምድር ቤት ደግሞ ክዳኑ መስታወት የሆነ የወርቅ ሬሳ ሳጥን እንዳስቀመጠላትና ከሄደች እዚያ እንደሚያስገባት ይነግራት ነበር።

ይህን ያህል ጥበቃ ለየትኛዋ ዘፋኝ ተደርጓል? እኛ ሰፈር ቢሆን ሽማግሌ ይላክ ነበር። ሽማግሌዎቹም ቡናቸውን ፉት ብለው «ልጄ፣ ይህ ሰው እኮ ነው ያወጣሽ፣ ደግሞ ቤት ለሚውል ሰው ጫማ ምን ያደርጋል?» ይሏት ነበር። ለአሻንጉሊቱም ቢሆን መፍትሄ አይጠፋም። የታክሲ ወረፋ ሲረዝም ይጠቅማል።

በሰኔ 1972 ከዚያ ቤት በባዶ እግሯ ወጣች። ይዘዋት የወጡት እናቷ ናቸው።

ፍቺው በ1974 አለቀ። 25,000 ዶላር፣ አሮጌ መኪና፣ ለአምስት ዓመት በወር 2,500 ዶላር። ከሸክላዎቹ የሚገኘውን ገቢ ተወች። ለምን ተውሽው ስትባል፣ ካልተውሽ አስገድልሻለሁ ብሎኝ ነው ብላለች። ያ ዘፈን እንግዲህ በየሬዲዮው፣ በየፊልሙ ሲዘፈን ሶስቱ ሴቶች በጠቅላላ የተቀበሉት በ1963 የተሰጣቸውን 15,000 ዶላር ገደማ ቀብድ ነው። ለሶስት ሲካፈል በየነፍስ ወከፍ አምስት ሺህ። ከሰሱ። ክሱ ከአሥር ዓመት በላይ ተጎተተ። በ2000 ፍርድ ቤት 2.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረደላቸው። በ2002 የኒውዮርክ ከፍተኛው ይግባኝ ሰሚ ችሎት ውሉን አገላብጦ አነበበና ዘፈኑን ለፊልም መሸጥ የሰውዬው መብት ነው አለ። ከሸክላ ሽያጭ የሚደርሳቸው ድርሻ ግን እንደገና ይሰላላቸው ተባለ። ዳኞቹ ምን ያድርጉ? ድምፁን ማን አወጣው የሚል አንቀጽ ውሉ ላይ የለም።

ፊል ስፔክተር በሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ በ1989 ገባ። ሮኔትስ በ2007። አሥራ ስምንት ዓመት በር ላይ። ወረፋ ይከበር እንጂ።

ሰውዬው በ2003 ላና ክላርክሰን የተባለች ተዋናይት ቤቱ ውስጥ በጥይት ገደለ፣ በ2009 ተፈርዶበት ታሰረ፣ በጥር 2021 እስረኛ እንደሆነ ሞተ። ቢቢሲ ዜናውን ሲያወጣ ባለተሰጥኦ ግን እንከን ያለበት ፕሮዲዩሰር አረፈ የሚል ርዕስ ሰጠው፣ በኋላም ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው አላስፈላጊ ነበር። እኛ ዘንድ እንከን የሚባለው ቁልፉ የረገፈ ሸሚዝ ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ነው እንጂ፣ አባባሉ ጨዋ ነው። ሮኒ ራሷ ድንቅ ፕሮዲዩሰር፣ የማይረባ ባል ነበር ብላ ለሁለት ከፈለችው። በዓመቱ፣ በጥር 2022፣ በ78 ዓመቷ እሷም አረፈች።

ለፍትህ ያህል፣ ጥያቄያችን አንዳንዴ እውነተኛ መልስ ያገኛል። በ2013 እዚሁ አገራችን «የኛ» የተባሉ አምስት ሴቶች ስለ ልጅነት ጋብቻና ስለ ጥቃት ሲዘፍኑ ከጀርባቸው ማን አለ ተብሎ ነበር። ነበረ! የእንግሊዝ ግብር ከፋይ። የለንደን ጋዜጦች «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ ጮሁ፣ መንግሥታቸውም በጥር 2017 ድጋፉን አቋረጠ። ልጆቹ ምን እያሉ እንደሚዘፍኑ ለማጣራት ግን ጊዜ አልተገኘም። ጊዜ ያለው ለጀርባ ነው።

ወደ ታክሲው ልመለስ። ስታዲየም አካባቢ መንገድ ተዘጋጋ። ሮኒ ስልኬ ላይ አለች፣ ማዳመጫውን አንዱን ጆሮ ለጎረቤቴ ሰጠኋቸው።

«እስቲ ይቺን ይስሟት ጋሼ።»

ሰሙ። ከበሮው ሲጀምር ቅንድባቸው ተነሳ፣ ድምፁ ሲገባ ዓይናቸው ተከደነ። ጫማቸው የፊት ወንበሩን ብረት መምታት ጀመረ። እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል አልተናገሩም። ሲያልቅ ማዳመጫውን በመሀረባቸው ጠርገው መለሱልኝ።

«ግሩም ናት! ማን ነው ያወጣት?»

«እናቷ» አልኳቸው።

አሰቡበት። ወደ መስኮቱ አዩ፣ ተመልሰው እኔን አዩ።

«እናቷስ ከጀርባዋ ማን አላት?»

«ወራጅ አለ!» አልኩ።